ምንቃር የለበሰው ሐኪም



ልጆች ያላችሁ ሁሉ ምናልባት አይታችሁት ይሆናል። የወፍ ምንቃር የመሰለ ረጅም አፍንጫ፣ ሁለት ክብ የመስታወት ዓይኖች፣ ሰፊ ባርኔጣና እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ ጥቁር ካባ ያለው አስፈሪ ሰው ነው። በመቀሌ ከተማ፣ በሮማናት አደባባይ ዙሪያ ወጣቶች አንድ ስልክ ከበው ሲቆሙ፣ ወይም በየሰፈሩ ባለው የጨዋታ ቤት ስክሪን ላይ ይህ ምስል ብቅ ይላል። ጠመንጃ ይዞ ይሮጣል፤ ሰው ጥሎ ይጨፍራል። ልጆቹን «ይህ ሰው ማን ነው?» ብላችሁ ብትጠይቋቸው፣ «ስኪን ነው» ብለው ይመልሱላችኋል። «ሐኪም ነው» የሚላችሁ ጥቂት ነው።

ስኪን ማለት በጨዋታው ውስጥ ያለው ተዋጊ የሚለብሰው ልብስ ነው። ጉልበት አይጨምርም፤ ጥይት አይመክትም፤ ለማሸነፍም አይረዳም። ለመታየት ብቻ የሚገዛ ጌጥ ነው። ከእነዚህ ጌጦች አንዱ እንግዲህ ይህ ምንቃር ነው፤ ከአራት መቶ ዓመት በፊት በአውሮፓ የወረርሽኝ ሐኪሞች ለበሱት የሚባለው ጭምብል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የኤሌክትሮኒክስ ጨዋታ ሐላል ነው ወይስ ሐራም የሚል ፈትዋ መስጠት አይደለም። እሱ የዑለማእ ድርሻ ነው። እኔ ለማንሳት የፈለግሁት ከዚያ ያነሰ፣ ነገር ግን በየቤታችን የገባ ጥያቄ ነው። አንድ የሐኪም ልብስ የገዳይ ጌጥ ሲሆን ምን ነገር ተወሰደ? ምንስ ነገር ተጣለ? ለእኛ፣ በተለይም ያለ መድኃኒት ዓመታትን ላሳለፍነው ለመቀሌ ሰዎች፣ ይህ ጥያቄ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

ጨዋታና ምናብ በኢስላም

አስቀድሞ ለወጣቶቹ ፍትሕ እንስጣቸው። «ጨዋታ ብቻ ነው፤ ለምን ታካብዳላችሁ?» ይላሉ። ዲናችን ጨዋታን የሚጠላ፣ ፈገግታን የሚከለክል ዲን አይደለም። በዒድ ቀን ሐበሾች በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስጂድ ውስጥ በጦራቸው ሲጫወቱ፣ ነቢዩ አልከለከሏቸውም፤ እንዲያውም እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) በእሳቸው ትከሻ ተከልላ እስክትጠግብ ድረስ እንድትመለከት ቆመውላታል። የአገራችን ሰዎች ጨዋታ በዚያ በተከበረ ቦታ መታየቱ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ክብር ነው።

ከዚህም በላይ አለ። ዓኢሻ በልጅነቷ ከአሻንጉሊቶቿ መካከል ሁለት ክንፍ ያለው ፈረስ ነበራት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ፈረስ ክንፍ አለው ወይ ብለው ሲጠይቋት፣ የሱለይማን ፈረሶች ክንፍ እንደነበራቸው አልሰሙም ወይ ብላ መለሰችላቸው። እሳቸውም ከልብ ሳቁ። በዓለም የሌለ ነገር መጫወቻ መሆኑ ብቻውን አላስቆጣቸውም። እንግዲህ በእኛም ዘንድ የወፍ ምንቃር ያለው ሰው በጨዋታ ውስጥ መታየቱ ብቻውን ሊያስጮኸን አይገባም። መመርመር ያለበት ሌላ ነው፤ ጨዋታው ለልጁ ልብ ምን ይነግረዋል? የዓኢሻ ፈረስ ወደ አንድ ነቢይ ታሪክ የሚወስድ መጫወቻ ነበር። ይህ ምንቃርስ ወዴት ይወስዳል?

የጭምብሉ እውነተኛ ታሪክ

የዚህ ልብስ ፈጠራ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ለፈረንሳዊው ሐኪም ለሻርል ደ ሎርም ነው። የንጉሥ ሉዊ 13ኛ ሐኪም የነበረ ሰው ሲሆን፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1619 እንደሆነ ይነገራል። ልብሱ ከራስ እስከ እግር የሚሸፍን ነበር፤ ቆዳውም በፈረንሳይ በሞሮኮ ስም የሚጠራው የለፋ የፍየል ቆዳ ነው። ምንቃሩ ግማሽ ጫማ ያህል የሚረዝም ሆኖ፣ በአፍንጫው ግራና ቀኝ ሁለት ቀዳዳዎች ነበሩት። በውስጡም መዓዛ ያላቸው ነገሮች ይጠቀጠቁበት ነበር። ናዕናዕ፣ ካፉር፣ ቅርንፉድ፣ የጽጌረዳ ቅጠልና ከርቤ ከሚጠቀሱት ናቸው። ከርቤ ደግሞ በእኛው ምድር፣ በአፍሪካ ቀንድ የሚበቅል ዛፍ ሙጫ ነው።

ይህ ሁሉ መዓዛ ለምን አስፈለገ? በዚያን ዘመን የአውሮፓ ሐኪሞች በሽታ ከተበላሸና ከከረፋ አየር ይመጣል ብለው ያምኑ ነበር። ሽታውን ካራቁ በሽታውን ያራቁ መሰላቸው። እውነቱ የታወቀው ቆይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1894 አሌክሳንደር የርሲን የተባለ ሐኪም በሆንግ ኮንግ የበሽታውን ባክቴሪያ አገኘ፤ በ1898 ደግሞ ፖል ሉዊ ሲሞን በሽታውን ከአይጥ የምታስተላልፈው ቁንጫ መሆኗን አሳየ። ስለዚህ በምንቃሩ ውስጥ የነበረው ቅመም በሽታውን አልመከተም። ምናልባት የጠቀመ ነገር ቢኖር በሰም የተቀባው ካባ ነው፤ ቁንጫ እንደ ልቧ አትገባበትምና።

እኛ ግን በእነሱ ለመሳቅ አንቸኩል። በኅዳር 1911 ዓ.ም. የዓለሙ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አዲስ አበባ ደርሶ ብዙ ሕዝብ ፈጀ፤ ሰዉም «የኅዳር በሽታ» አለው። ዛሬም ኅዳር 12 ቀን በየሰፈሩ ቆሻሻ እየተሰበሰበ ይቃጠላል፤ «ኅዳር ሲታጠን» ይባላል። ጽዳቱ መልካም ነው፤ ጭሱ ግን በሽታን ያባርራል የሚለው ሐሳብ የፈረንሳዩ ሐኪም ምንቃር ከተሠራበት ሐሳብ ብዙም አይርቅም። በሙስሊሙም ቤት ቢሆን በሽተኛ ሲኖር ሉባን የሚያጨሱ እናቶች አሉ። ሰው የማያየው ጠላት ሲመጣበት በሚያሸተው ነገር ሊመክተው ይሞክራል። ይህ የፍርሃት ብቻ ሳይሆን የመኖር ፍላጎትም ምልክት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት መታረም አለበት። በብዙ ጨዋታዎችና ፊልሞች ይህ ምንቃር የሚታየው ከ1347 እስከ 1351 እ.ኤ.አ. ዓለምን ከመታው «ጥቁር ሞት» ከሚባለው ታላቅ ወረርሽኝ ጋር ተያይዞ ነው። የደ ሎርም ልብስ የመጣው ግን ከዚያ ወደ 270 ዓመት ቆይቶ ነው። ሁለቱን ዘመኖች አንድ ላይ የጨፈለቃቸው ፍርሃትን የሚሸጥ ገበያ ነው፤ ለፍርሃት ደግሞ ትክክለኛ ዓመተ ምሕረት አያስፈልገውም።

ሌላም የሚያስደንቅ ነገር አለ። ይህን ሐኪም በዓለም ያሳወቀው ሥዕል እ.ኤ.አ. በ1656 በጀርመን አገር፣ በኑረምበርግ ከተማ፣ ፓውሉስ ፉርስት ያሳተመው የመዳብ ቅርጽ ነው። ስሙን «የሮማው ዶክተር ሽናብል» ይለዋል፤ ሽናብል ማለት ምንቃር ነው። በዱላው ጫፍ ላይ ክንፍ ያለው የአሸዋ ሰዓት ተቀምጧል፤ ከበስተኋላው ሕፃናት ይሸሹታል። ከሥዕሉ ጋር የታተመው ግጥምም ሐኪሙን ከሙታን ኋላ ወርቅ የሚያሳድድ አድርጎ ይሳለቅበታል። ስለዚህ ይህ ምንቃር ገና በራሱ ዘመን የስስት መሣለቂያ ነበር። ዛሬ ደግሞ ራሱ ምንቃሩ በገንዘብ የሚቸበቸብ ሸቀጥ ሆነ። ያ ሠዓሊ ይህን ቢያይ ምን ይል ነበር?

ሦስት ጨዋታዎች፣ ሦስት ሐኪሞች

ሚዛናችን ትክክል እንዲሆን ጨዋታዎቹን ሁሉ በአንድ ጅራፍ መግረፍ አይገባም። ሦስቱን እናወዳድር።

የመጀመሪያው «ቲም ፎርትረስ 2» የሚባለው ነው። በዚህ ጨዋታ ምንቃሩ እ.ኤ.አ. በ2011 ጌጥ ሆኖ ገባ። የሚለብሰው ግን «ሜዲክ» የተባለው ገጸ ባሕርይ፣ ማለትም የቡድኑ ሐኪም ነው። ዋና ሥራው የቆሰሉ ጓደኞቹን ማዳን ነው። ጨዋታው ቀልድና ጥይት የበዛበት ቢሆንም ምንቃሩን በሐኪም ፊት ላይ አስቀምጦታል።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው «ዳርከስት ዳንጅን» ነው። እዚህ ጭምብሉ ጌጥ አይደለም፤ ባለ ጭምብሏ ሴት ራሷ ከተጓዦቹ አንዷ ናት። መርዝ ትወረውራለች፤ በዚያው እጇ የጓደኞቿን ደም ታቆማለች፤ ከመርዝም ታክማቸዋለች። ጨለማና አሳዛኝ ጨዋታ ነው፤ ለሕፃናት የሚሆን አይደለም። ቢሆንም አንድ እውነት ይዟል። ሕመምን የምታውቅ ሴት ሕመምን ታክማለች።

ሦስተኛው የኤፒክ ጌምስ ኩባንያ «ፎርትናይት» ነው። መቶ ተጫዋቾች አንድ ደሴት ላይ ወርደው አንድ እስኪቀር የሚጠፋፉበት ጨዋታ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 በምዕራባውያን የሃሎዊን በዓል ሰሞን «ፕሌግ» እና «ስከርጅ» የተባሉ ሁለት ልብሶች ለሽያጭ ቀረቡ፤ አንዱ ለወንድ፣ አንዱ ለሴት ገጸ ባሕርይ። ሁለቱም ምንቃር ያላቸው ናቸው። ስማቸውን ልብ በሉ። «ፕሌግ» ማለት ወረርሽኙ ራሱ ነው፤ «ስከርጅ» ማለት መቅሠፍት ነው። ሐኪሙ በበሽታው ስም ተጠራ! ልብሱን የገዛ ማንኛውም ተጫዋች ይለብሰዋል፤ የማዳን ግዴታ የለበትም፤ የሚጠብቀው በሽተኛም የለም። ምንቃሩ ቀረ፤ ሐኪሙ ጠፋ።

ሥራውን ለሠሩት ባለሙያዎች የሚገባውን ምስጋና አንንፈጋቸው። የቆዳው ስፌት፣ የመስታወቱ ብልጭታ፣ የካባው እጥፋት በጥንቃቄ የተሠራ ነው፤ ዓይን ይስባል። ጥያቄዬ ስለ እጅ ሙያቸው አይደለም። ከአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ አስፈሪውን ቆዳ ገፍፈው ወስደው፣ በውስጡ የነበረውን አማና ጥለውታል። ያ ልብስ ትርጉም የነበረው የለበሰው ሰው በሽተኛ ወዳለበት ቤት ስለሚገባ ነው። ሁሉ ሲሸሽ የማይገባ ከሆነ ምንቃሩ ባዶ ቆዳ ነው።

የዐምዋስ ትምህርት

ወረርሽኝ ሲመጣ የሰው ልጅ ምን ይሆን ዘንድ እንደሚገባው ለማወቅ ወደ ፈረንሳይ መሄድ አያስፈልገንም። በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ በሻም ምድር፣ በፍልስጤም ዐምዋስ በተባለች ቦታ ጦዑን ተነሣ። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ ከተባለው ስፍራ ሲደርሱ ወሬውን ሰሙ። ሶሓባዎችን አማከሩ፤ ሐሳባቸው ተለያየ። በመጨረሻ ለመመለስ ወሰኑ። የጦሩ አዛዥ አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ከአላህ ቀደር መሸሽ ነው ወይ ብለው ጠየቋቸው። ዑመርም ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር እንደሚሄዱ ገለጹላቸው፤ ግመሉን ለምለም ሣር ባለበት ያሰማራም ሆነ በደረቁ ዳገት ያሰማራ እረኛ ሁለቱንም በአላህ ቀደር እንደሚያደርግ ምሳሌ ሰጧቸው። ከዚያም ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ.) መጥተው ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሰሙትን ነገሯቸው፤ ጦዑን ወዳለበት አገር እንዳይገቡ፣ ባሉበት አገር ቢነሣም ሸሽተው እንዳይወጡ የሚያዝዘውን ሐዲስ።

አስተውሉ፣ ይህ ትእዛዝ ሁለት ፊት አለው። አንዱ ፊት ጥንቃቄ ነው፤ ሁለተኛው ፊት ታማኝነት ነው። ዑመር ባለመግባታቸው ትእዛዙን ፈጸሙ። አቡ ዑበይዳ ደግሞ ባለመውጣታቸው ፈጸሙ። ኸሊፋው በብልሃት ሊያወጧቸው ደብዳቤ ቢጽፉላቸውም፣ አቡ ዑበይዳ ሐሳባቸውን ተረድተው ከሠራዊታቸው ተለይተው ለመውጣት አልፈቀዱም። በዚያው ጦዑን ሞቱ። ከእሳቸው በኋላ የተተኩት ሙዓዝ ኢብኑ ጀበልም (ረ.ዐ.) በዚያው ሞቱ። እነዚህ ሰዎች ምንቃር አልነበራቸውም፤ በሰም የተቀባ ካባም አልነበራቸውም። በሽተኛውን ያልተለየ ልብ ግን ነበራቸው።

ዑለማኦቻችንም የወረርሽኝን ነገር በቀልድ አላዩትም። ታላቁ የሐዲስ ሊቅ ኢብኑ ሐጀር አል-ዐስቀላኒ ስለ ጦዑን «በዝሉል ማዑን» የተሰኘ ኪታብ ጽፈዋል። ሦስት ሴት ልጆቻቸውን በጦዑን ያጡ አባት ናቸው፤ ሁለቱን በ819፣ ትልቋን በ833 ዓመተ ሂጅራ። በዚያው በ833 የካይሮ ሰዎች ለዱዓ በአንድነት ወደ ሜዳ ከወጡ በኋላ የሟቾች ቁጥር በቀን ከአርባ በታች ከነበረበት ከሺህ በላይ መድረሱን በግልጽ መዝግበዋል። በአንደሉስ፣ በግራናዳ፣ ሊሳኑዲን ኢብኑል ኸጢብ በሽታው በልብስና በዕቃ፣ በሰውም ንክኪ እንደሚተላለፍ ባዩትና በተመለከቱት ማስረጃ ተከራክረዋል። እንግዲህ ወረርሽኝ ለእኛ ሊቃውንት የልጆቻቸው ቀብር ነበር፤ የምርምር መስክም ነበር። የበዓል ሰሞን ጌጥ አልነበረም።

ጓንት አጥቦ የሠራ ሐኪም

አሁን ወደ ከተማችን እንመለስ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ጀመረ፤ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት ተፈረመ። በመካከሉ መንገድ ተዘጋ፤ ባንክ ተዘጋ፤ ስልክ ጠፋ፤ መድኃኒት ጠፋ። ከሮማናት ብዙም በማይርቀው በአይደር ሆስፒታል ሐኪሞችና ነርሶች ለብዙ ወራት ያለ ደመወዝ ሠሩ። ለአንድ ጊዜ ብቻ የተሠራውን ጓንት እያጠቡ ደግመው ተጠቀሙበት፤ የቁስል ማጽጃ ሲያልቅ በጨው ውኃ አጸዱ። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል የሕክምና ዕቃ ይዞ መቀሌ የገባው በጥር 2014 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ለወራት ምንም አልገባም ነበር። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ኢንሱሊን ሲያልቅበት ምን እንደሚሆን የዚህ ከተማ ሰው ከመጽሐፍ አልተማረውም።

የወረርሽኝ ሐኪም ማለት ይህ ነው፤ ሙስሊሙን ከክርስቲያኑ ሳይለይ ያከመ፣ እሱም የተራበ፣ ነገር ግን በማግሥቱ ተመልሶ የመጣ ሰው። ምንቃር ቢኖረው ኖሮ ምንቃሩንም አጥቦ ደግሞ በለበሰው ነበር!

ስልክና ኢንተርኔት ወደ መቀሌ የተመለሱት ከታኅሣሥ 2015 ጀምሮ ነው። ልጆቻችን ለሁለት ዓመት ከዓለም ተቆርጠው ከቆዩ በኋላ ዓለም በአንድ ጊዜ በስልክ ውስጥ መጣላቸው። በጨዋታ ቢጠመዱ አልፈርድባቸውም፤ ብዙ ነገር ያዩ ልጆች ናቸው። ግን ያንን ያየ ልጅ ሐኪምን ገዳይ አድርጎ የሚያሳይ ልብስ ሲያደንቅ ዝም ካልነው፣ ያየውን ነገር ከእጁ እየነጠቅነው ነው። እሱ ከጨዋታው ሠሪዎች የበለጠ ያውቃል። ማወቁን ግን ማንም አልነገረውም።

የኪስ ነገር

ስለ ገንዘቡም ጥቂት እንበል። እንዲህ ያለው ልብስ የሚገዛው በቀጥታ በብር ወይም በዶላር አይደለም። መጀመሪያ እውነተኛው ገንዘብ ወደ ጨዋታው ሳንቲም ይለወጣል፤ ልጁ ዋጋውን እንዳይሰማው። የጨዋታው ሱቅ ደግሞ በየዕለቱ ዕቃውን ይቀያይራል፤ «ዛሬ ካልገዛሁ ያመልጠኛል» እንዲል። የአሜሪካ የንግድ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በዚሁ ኩባንያ ላይ ባቀረበው ክስ፣ ኤፒክ ጌምስ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 በድምሩ 520 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ከዚህ ውስጥ 275 ሚሊዮኑ የሕፃናትን ግላዊ መረጃ በሚመለከተው ሕግ ምክንያት ሲሆን፣ 245 ሚሊዮኑ ደግሞ ሳይፈልጉ እንዲገዙ ለተደረጉ ደንበኞች የሚመለስ ነው። በሀብታም አገር ያሉ ወላጆች እንዲህ ከተቸገሩ፣ የእኛ ቤተሰብ እጥፍ መጠንቀቅ አለበት። የማይለበስ ልብስ፣ የማይሸት ቅመም፣ የማያድን ሐኪም በገንዘብ መግዛት ኢስራፍ ካልሆነ ኢስራፍ ምንድን ነው?

ለወላጆች

ውድ አባቶችና እናቶች፣ ስልኩን ነጥቆ «ሐራም!» ብሎ መጮህ ቀላል ነው። ልጁ ግን ከጓደኛው ስልክ ላይ ያየዋል፤ ከእናንተ ግን ይርቃል። ከዚያ ይልቅ አጠገቡ ተቀመጡና ጠይቁት። ይህ ሰው ማን ነበር? ምንቃሩ ውስጥ ምን ነበር? ከበሽተኛው ቤት ይሸሽ ነበር ወይስ ይገባ ነበር? ካላወቀ ንገሩት። ስለ ሰርግና ስለ ዐምዋስ ንገሩት። አቡ ዑበይዳ ለምን እንዳልወጡ ንገሩት። በመከራው ጊዜ የእናንተን ቤተሰብ ያከመ ሐኪም ወይም ነርስ ካለ፣ ስሙን ጠርታችሁ ንገሩት።

ከዚያም አንድ ቀን ይዛችሁት ውጡ። በሽተኛን መጠየቅ ሙስሊም በሙስሊም ላይ ካለው ሐቅ አንዱ ነው። የታመመ ጎረቤት ቤት ይዛችሁት ግቡ፤ ብርቱካኑን እሱ ይያዝ፤ «አላህ ያሽርዎ» የሚለውንም እሱ ይበል። የሕመምን ቤት ሽታ ያወቀ ልጅ፣ ያ ምንቃር ለምን በቅመም እንደተሞላ ይገባዋል። ጨዋታውን ሊቀጥል ይችላል፤ ጭምብሉን ግን በሌላ ዓይን ያየዋል። ለመልበስ ከመክፈሉ በፊትም ይህ የማን ልብስ እንደነበረ ያስባል።

አላህ በሽተኞቻችንን ያሽርልን፤ ሐኪሞቻችንን ይጠብቅልን፤ በመከራው ጊዜ የሞቱትን ይማርልን። ልጆቻችንንም ሰው ሲሸሽ ከሚቆሙት ያድርግልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።